ቀሚስ የለበሱት የባቡር ሾፌሮች

የምሠራው ደማም፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር ነው። የሙቀቱ ወራት ሲገባ ማድ ቤቱ እንደ ምጣድ ይግላል። ኤሲ አለ፤ ማዳም ግን «ለማድ ቤት ምን ያደርጋል?» ብላ ታጠፋዋለች። በዚያው አፏ ደግሞ «ላብሽ ምግቡ ላይ ጠብ እንዳይል!» ትለኛለች። አንድ ቀን ዓይኔ ጨለመብኝና ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ያገሬ ልጅ በስልክ የስዊድን ባቡር ሾፌሮችን ታሪክ አጫወተችኝ። ነገሩ የሆነው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ሮስላግስባናን የሚባለውን የባቡር መስመር የተረከበው አሪቫ የተባለ ድርጅት ሠራተኞቹን ቁምጣ መልበስ ከለከላቸው። የሾፌሩ ክፍል ግን በበጋ እስከ 35 ዲግሪ ይሞቃል። ሾፌሮቹ ደንቡን አዩት፤ ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ ይፈቀዳል። እናም አሥራ ሁለት የሚሆኑ ወንዶች ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ባቡሩን ይነዱ ጀመር! ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ድርጅቱም ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ቢከለክል አድልዎ ሊሆንበት ስለሆነ ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ ቁምጣ ተፈቀደ። በ2017 ደግሞ በፈረንሳይ ናንት ከተማ የአውቶቡስ ሾፌሮች እንደዚሁ አድርገዋል።

እኔን የገረመኝ ሥራ አለማቆማቸው፣ ማንንም አለመስደባቸው ነው። የተሰጣቸውን ደንብ ፈጸሙ፤ ያሳቀው ደንቡ ራሱ ነው።

በማግስቱ የሚለቀመውን ሩዝ በትሪ ይዤ ማዳም የተቀመጠችበት ሳሎን ገባሁ። «ምንድነው?» አለችኝ። «ማዳም፣ ላብሽ ጠብ እንዳይል ብለሽኛል። የማያልበኝ እዚህ ብቻ ነው» አልኳት። ትንሿ ልጇ ሳቀች፤ እሷም ፈገግ አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ ስሠራ ኤሲው ይከፈታል።

እህቶቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ሁሉም አሠሪ ይስቃል ብዬ አይደለም። ሾፌሮቹ ከጀርባቸው የሠራተኛ ማኅበርና ሕግ ነበራቸው። እዚህ ሳዑዲ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋምም ሆነ አድማ መምታት አይፈቀድም። ስለዚህ የአሠሪሽን ጠባይ ሳታውቂ አትቀልጂ። ሰውዬውን፣ ቤተሰቡን ወይም ሃይማኖቱን የሚነካ ቀልድ ተዪው። ቤቱን ወይም ቤተሰቡን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መለጠፍማ እስር ሊያመጣ ይችላል።

ደሞዝ ሲከለከል፣ ዱላ ወይም ትንኮሳ ሲኖር የቀልድ ጊዜ አይደለም። መብትሽን እወቂ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት፦

- የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት መብለጥ የለበትም።
- በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት አለሽ።
- አሠሪ ፓስፖርትሽን መያዝ አይችልም።

አቤቱታ ካለሽ ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴሩ በ19911 ደውዪ።

ሙቀትን አትናቂው። ራስሽን ካዞረሽ፣ ካቅለሸለሸሽ ወይም ጡንቻሽ ከተኮማተረ ሥራውን አቁመሽ ቀዝቃዛ ቦታ ተቀመጪ፤ ውኃ ጠጪ። አንዷ ከተዘባረቀባት ወይም ራሷን ከሳተች ግን ሳትዘገዪ በ997 አምቡላንስ ጥሪ፤ እስኪመጣ ሰውነቷን በውኃ አቀዝቅዢላት።

እኔ አሁንም ሩዙን የምለቅመው ማድ ቤት ነው። ትሪውን ሳነሳ ግን ማዳም ቀድማ «ኤሲውን ክፈቺው!» ትላለች።