አንደበት ያዝ ሲያደርግ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ መንተባተብ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ ስለማውቀው አይደለም። የክፍል ጓደኞቼ እንደሚያውቁት ከሕፃንነቴ ጀምሮ አፌን ያዝ ያደርገኛል። ያውቃሉ ስል ግን ስንተባተብ ሰምተዋል ማለቴ ነው እንጂ፥ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ጠይቆኝ የተረዳ ከሁለትና ከሦስት አይበልጥም። ጥፋቱም የእነርሱ አይደለም፤ ጥያቄውን እኔው ስሸሸው ኖሬአለሁ።

የሚንተባተብ ሰው የሚናገረውን ጠንቅቆ ያውቃል። ቃሉ በሐሳቡ ተዘጋጅቶ ሳለ ከአፉ ሊወጣ ሲል ይቆማል። አንዳንድ ጊዜ የመጀመሪያው ድምፅ ይደጋገማል፤ አንዳንድ ጊዜም ይጐተታል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ምንም ድምፅ ሳይሰማ ጉሮሮ ዝግት የሚልበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሰሚው «ፈራ» ወይም «ጠፋበት» ብሎ ያስባል። ስሙን ተጠይቆ ያዝ ያደረገው ልጅ ደግሞ «ስምህንም ረሳኸው?» ይባላል። ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ቈጥሬ አልጨርሰውም፤ የሚናገረው ሁሉ ግን መጀመሪያ ያሰበው እርሱ ይመስለዋል።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፥ ልጅ ቃላትን ማያያዝ ሲማር ነው። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ ይህ ይደርስባቸዋል፤ ከእነዚህም የሚበዙት እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ካደጉት ሰዎች መካከል ግን ከ100 አንድ በሚያህሉት ላይ ይቀራል፤ ከሴቶችም ይልቅ በወንዶች ይበዛል። እናቴ ውሻ አስደንግጦኝ እንደ ጀመረኝ ለጎረቤቱ ሁሉ ስታስረዳ ኖራለች፤ አያቴም ጠበል ወስደውኛል። ሁለቱም ይህን ያደረጉት በፍቅር ስለ ሆነ አልነቅፋቸውም። ዳሩ ግን የአባቴ አጎት እንደኔ ይንተባተቡ እንደ ነበር ማንም ሳያነሣው መቅረቱ ይገርመኛል፤ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት መንተባተብ በዘር መወረሱ ብዙ ጊዜ ይታያልና። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ጂኖችን አግኝተዋል። ስለዚህ የፍርሃት ልጅ ነው የሚባለው ነገር ከሥሩ ስሕተት ነው፤ ፍርሃቱ የሚመጣው ኋላ ነው።

ምላስም አልታመመም። ለዚህ ማስረጃው ቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከልጆች ጋር ድምፃችንን አስተባብረን ፊደልና ዳዊት ስንደግም አንድም ቀን ያዝ አድርጎኝ አለማወቁ ነው። መዝሙርም ስዘምር እንዲሁ ነው። ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ ሳይሆን የሚንተባተቡ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከሌላ ሰው ጋር አብረው ሲያነቡ ወይም ሲዘምሩ አንደበታቸው ይፈታል። ብቻዬን ተነሥቼ ያንኑ ገጽ እንዳነብ ስታዘዝ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ።

እንግዲህ ዋናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚንተባተብ ልጅ መሰወርን ይማራል። የሚይዘውን ቃል ከሩቁ እያየ በሌላ ይለውጣል። አንድ ቀን እናቴ ክብሪት እንድገዛ ላከችኝ፤ «ክ» ስለ ያዘችኝ ሻማ ገዝቼ ተመለስሁ። «ታዲያ በምን ልንለኩሰው ነው?» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ እስከ መጨረሻው ድረስ ሄጄ በእግሬ የተመለስሁበትም ቀን ጥቂት አይደለም። እነዚህ ያስቃሉ። የማያስቀው የሚከተለው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ሲጠይቁኝ መልሱን እያወቅሁ «አላውቅም» እል ነበር፤ ይህች ቃል ሳትይዘኝ ትወጣ ነበርና። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብዬ ሰነፍ ተባልሁ። ሰነፍ መባልን ከተንተባታቢነት መርጬ ነበር ማለት ነው።

ጆሴፍ ሺሃን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ እርሳቸውም ተንተባታቢ የነበሩ፥ መንተባተብን በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ የበረዶ ጋራ መስለውታል። ከውኃው በላይ የሚታየው፥ ማለት ሰው የሚሰማው መደናቀፍ፥ ጥቂቱ ነው፤ ከውኃው በታች ያለው ፍርሃት፥ ኀፍረትና ሽሽት ግን ብዙ ነው። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ከላይ ያለውን ለመቍረጥ ስታገል ከታች ያለውን ሳሳድግ ኖሬአለሁ። የግሪኩ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ጠጠር በአፉ ይዞ ይለማመድ ነበር ተብሎ ስለሚተረክ እኔም ጠጠሩን ሞክሬዋለሁ፤ ከአፈር ጣዕም በቀር ያተረፍሁት የለም።

የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛ ገና መስፍን ሳሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. በዌምብሊ ያደረጉት ንግግር ለራሳቸውም ለሰሚውም ጭንቅ ነበር። በተከታዩ ዓመት ሊዮኔል ሎግ ከሚባል የአውስትራልያ ሰው ዘንድ መማር ጀመሩ። ብዙ ሰው «ከዚያ ዳኑ» ይላል፤ ነገር ግን ጦርነት በታወጀ ዕለት፥ መስከረም 3 ቀን 1939 በራዲዮ ያደረጉት ንግግር ተቀርጾ ስላለ ለሚያዳምጠው ዝምታዎቹ ዛሬም ይሰማሉ። ሎግም በዚያች ሰዓት ከአጠገባቸው ቆሞ ነበር። እኔን ያጽናናኝ መዳናቸው ሳይሆን እነዚያ ዝምታዎች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ግን ሕይወቱን ሙሉ የተንተባተበው የሚሺጋኑ መምህር ቻርልስ ቫን ራይፐር (1905–1994) ያስተማረው ነው። ቃሉ ሲይዝህ አትግፋው፤ ከመግፋት የሚመጣው መቈለፍ ብቻ ነው። ያዝ ባደረገህ ስፍራ ላይ ቆይ፤ ከንፈርህንና ጉሮሮህን አላላ፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን በዝግታ አውጣው። አንዳንድ ጊዜም ሳይይዝህ ሆን ብለህ ተንተባተብ ይላል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ፌዝ መሰለኝ። ዳሩ ግን ከሱቅ ሄጄ «ክ-ክ-ክብሪት» ብዬ ሆን ብዬ ስጠይቅ ባለሱቁ ክብሪቱን ሰጥቶኝ መልሱን ቈጠረ። ሌላ ምንም አልሆነም።

ባለፈው ኅዳር በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ ስምጥ ሸለቆ እንዳስረዳ ተራዬ ደረሰ። ከመጀመሬ በፊት፥ «እኔ እንተባተባለሁ፤ ቃል ሲይዘኝ ጠብቁኝ እንጂ አትጨርሱልኝ» አልሁ። ይህንንም ስናገር ሁለት ጊዜ ያዘኝ። የተሰጠኝ 10 ደቂቃ ነበር፤ 17 ፈጀብኝ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዝም አለ። እኔም ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ሁሉ ተናገርሁ።

ወላጆችና መምህራን ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። «ቀስ በል፤ ተንፍስ» የምትሉን ለበጎ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የምንሰማው «እየተበላሸብህ ነው» የሚለውን ነው። ቃሉን ነጥቆ መጨረስም እንዲሁ ያስጨንቃል፤ በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቃል ትሰጡናላችሁ። ዐይናችንን እያያችሁ ጠብቁን፤ የምንለውን እንጂ የምንልበትን አትስሙ።

ዛሬም እንተባተባለሁ። ስም ሲጠራ «አቤት» የምትለዋ ቃል በየጠዋቱ ትይዘኛለች፤ ቀድሞ በእርስዋ ፈንታ እጄን ብቻ አነሣ ነበር። አሁን ግን «አ-አ-አቤት» እላለሁ፤ መምህሩም ምልክት አድርገው የሚቀጥለውን ስም ይጠራሉ።