ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያላት አሮጌ የናፍጣ መርሰዲስ ማርሽ በቀየረች ቁጥር ከኋላ እንደተገፋች ስትናጥ፣ የጋራዡ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ «ካምቢዮው ይውረድ» ነው። እኔም ለ240 ዲ መኪናዬ ይህንኑ አዳማ ላይ ሰምቻለሁ። ከመስማማት በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ቁልፉ ሲዘጋ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል ወይስ ይዘገያል?

እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 በተሠሩት 240 ዲ እና 300 ዲ ላይ፣ በሞተሩ የሚዞር ፓምፕ አየር እየሳበ ቫኪዩም ይፈጥራል። ሞተሩን የሚያጠፋው፣ ፍሬኑን የሚያግዘውና ነጂው ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጠ ለካምቢዮው የሚነግረው ይኸው ቫኪዩም ነው። የጎማ ቱቦው ሲሰነጠቅ (በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ጎማ ቶሎ ይደርቃል) ካምቢዮው ነዳጁ እስከ መጨረሻ የተረገጠ ይመስለውና ማርሹን በኃይል ያስገባል። ሁለቱ ምልክቶች አብረው ከታዩ፣ ቱቦዎቹ ሳይፈተሹ ካምቢዮ ማስወረድ በእኔ ግምት ገንዘብ መጣል ነው።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ ካለች ጉዳዩ ሌላ ነው። የካምቢዮው ዘይት ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ፣ ማርሹ «ፒ» ላይ ሆኖ ይለካል። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ መካኒኩ እውነት አለው። ከሥር ሳይንጠባጠብ የሚጎድል ከሆነ ግን ሞጁሌተር የሚባለው ዕቃ ውስጡ ተቀዶ ዘይቱ ወደ ሞተሩ እየተሳበ ይሆናል።

የፍሬኑ ፔዳል ከጠጠረ ደግሞ ከሞጆ ወደ አዳማ ቁልቁል መንዳት አይሞከርም፤ ቱቦው ይቅደም።