ከአንድ የስንዴ ፍሬ የሚነሣው ባለ 20 አኃዝ ቁጥር

የቼዝ ሰሌዳ 64 ቤቶች አሉት። በመጀመሪያው ቤት አንድ የስንዴ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ በአራተኛው ስምንት እያደረጉ እስከ መጨረሻው ቢያጥፉ ጠቅላላው ስንት ይኾናል? ብዙ ሰው ጥቂት ኩንታል ብሎ ይገምታል። ትክክለኛው መልስ ግን 18,446,744,073,709,551,615 ፍሬ ነው።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ቼዝን የፈለሰፈው ሕንዳዊ ጠቢብ ንጉሡን ለሽልማት የጠየቀው ይህንኑ ስንዴ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ኸሊካን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጽሑፍ አስፍሮታል። ንጉሡ ጥያቄውን ቢያቃልለውም ስንዴው ከመንግሥቱ ጎተራ ሁሉ በላይ ኾኖ ተገኘ።

አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ 40 ግራም ይመዝናል ብለን ብንነሣ፣ አንድ ኩንታል 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ፍሬ ይይዛል። በዚህ ስሌት የሰሌዳው ስንዴ ከ7 ትሪሊዮን ኩንታል ይበልጣል። ዓለም በዓመት የምታመርተው ስንዴ 8 ቢሊዮን ኩንታል ገደማ በመኾኑ፣ ይህን ለመሙላት ከ900 ዓመታት በላይ ምርት ያስፈልጋል።

የቁጥሩን ጠባይ ማንም ሊፈትሸው ይችላል። መጨረሻው 5 ስለኾነ ለ5 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አኃዞቹ ሲደመሩ 87 ይመጣል፤ 87 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ3 ይካፈላል። ዋናው ጠባዩ ግን ሌላ ነው። በአራተኛው ቤት 8 ፍሬ አለ፤ ከእርሱ በፊት ያሉት 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7 ናቸው። በአምስተኛው ቤት 16 አለ፤ የቀደሙት ድምር 15 ነው። በየትኛውም ቤት ያለው ፍሬ ከቀደሙት ሁሉ ድምር በ1 ይበልጣል።

ይህ ጠባይ ከሰሌዳው አልፎ የሰውን ኪስ ይነካል። በገጠርም በከተማም “ገንዘብ ከፍለህ ግባ፤ ሁለት ሰው ስታመጣ ትርፍ ታገኛለህ” የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ። በአንድ ሰው ተጀምሮ እያንዳንዱ ገቢ ሁለት ሰው ቢያመጣ፣ ሰንሰለቱ 33ኛው ዙር ላይ 8,589,934,591 ሰዎችን ይፈልጋል። ይህ ከዓለም ሕዝብ ይበልጣል፤ ስለዚህ መቆሙ አይቀርም። በመጨረሻው ዙር የገቡት ደግሞ ከቀደሙት ሁሉ ድምር በ1 ይበልጣሉ፤ ከሥራቸው የሚከፍልላቸው ግን የለም። ሰንሰለቱ በ5ኛውም ይቁም በ20ኛው ዙር፣ ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ የሚኾኑት የከፈሉትን ያጣሉ። የአደራጁ ቅንነት ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

ስለዚህ በሬ ሸጦ ወይም ደመወዝ አጠራቅሞ ከመክፈል በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፤ ቃል የተገባው ትርፍ የሚመጣው ከሚሸጥ ምርት ነው ወይስ ቀጥሎ ከሚገባው ሰው ኪስ? መልሱ ሁለተኛው ከኾነ ውጤቱን ለማየት እፍኝ ስንዴ በሰፌድ ላይ እያጠፉ መደርደር ይበቃል።