ከእንቅልፍ ሌላ ሥራ ያለው ሆርሞን

ሜላቶኒን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ከቫይታሚኑ ጋር ሻንጣው ውስጥ የሚሸጉጣት ብልቃጥ ናት። እንቅልፍ እምቢ ሲል አንድ ፍሬ፣ ሲብስ ሁለት። ሆርሞን መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ጭንቅላት ውስጥ ያለው ፓይኒያል ዕጢ ሲመሽ ያመነጨዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የየል ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አሮን ለርነር ከከብት ዕጢ ለይቶ አወጣው። ስለ እንቅልፉ ይህ ይበቃል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ በሴት ልጅ ኦቫሪ ውስጥ፣ እንቁላሏ የምታድግበት ከረጢት ፈሳሽ ከደሟ ይልቅ ብዙ ሜላቶኒን ይይዛል። እዚያ የሚያስተኛው ሰው የለም።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማየት ግን መጀመሪያ ኦቫሪ እንዴት እንደምትጎዳ እንይ። ኦቫሪ በጅማት ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲከብዳት በጅማቷ ላይ ትጠመዘዛለች። ደም መልሱ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይጨፈለቃል፤ ደም ቅዳው ግን መግፋቱን አይተውም። የገባው ደም መውጫ ያጣል፤ ኦቫሪዋ ታብጣለች፣ ትጠቁራለች፣ በመጨረሻም ቅዳው ራሱ ይዘጋል። በአንድ ጎን ድንገት የሚነሳና ከማስታወክ ጋር የሚመጣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም እያለ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ማስታገሻ ውጦ ማደር ኦቫሪን ሊያሳጣ ይችላል። ደም እየዞረ ነው የሚል የአልትራሳውንድ ውጤትም ቢሆን ብቻውን አያስተማምንም።

ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይፈታታል። ጠቁራ ቢያገኛትም ሞታለች ብሎ መቁረጥ የለበትም፤ ብዙዎቹ ያገግማሉ።

«ከተፈታ አለቀ» የሚለው እምነት ግን ያናድደኛል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍሪጅ የሚያቃጥለውን እናውቃለን አይደል? የደም መመለስም እንደዚያ ነው። ኦክስጅን በተቋረጠበት ሰዓት ሴሎቹ የኃይል ክምችታቸውን ይበላሉ፤ ሃይፖዛንቲን የተባለ ዝቃጭም ይከማቻል። ኦክስጅን እንደ ጎርፍ ሲመለስ ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለ ኤንዛይም ዝቃጩን ያነሳና ሱፐርኦክሳይድ የተባለ አጥቂ ሞለኪውል ያመነጫል። ይህ የሴሉን የስብ ሽፋን ይበላል። ነጭ የደም ሴሎችም ተጠርተው ይመጡና የተጎዳውን ይብስ ያጠቁታል። እንቁላል ደግሞ ተተክቶ አያድግም፤ ያለቀው አለቀ።

ሜላቶኒን እዚህ ላይ ይገባል። ትንሽ ስለሆነና በስብም በውሃም ስለሚሄድ የሴል ሽፋን አያግደውም። አጥቂዎቹን ራሱ ይይዛል፤ ይዞ ሲለወጥ የሚወጡት ውጤቶችም መያዛቸውን ይቀጥላሉ፤ በዚያ ላይ የሰውነትን መከላከያ ኤንዛይሞች ያነቃቃል። የአይጥ ኦቫሪ ለሰዓታት ጠምዝዘው ከመፍታታቸው በፊት ሜላቶኒን በሰጡባቸው ሙከራዎች፣ የስብ ሽፋን መጎዳቱን የሚያሳየው ማሎንዳይአልዲሃይድ ቀንሷል፤ እብጠቱና የደም መፍሰሱም ቀሏል። ኩላሊት የሚያመነጨው ኤሪትሮፖይቲንም በተመሳሳይ መንገድ ተሞክሯል።

ሜላቶኒን ለዚህ ችግር ለሰው ገና መደበኛ ሕክምና አልሆነም። ስለዚህ ብልቃጧን ይዛችሁ ሆዳችሁን ለማከም እንዳትነሱ፤ የተጠመዘዘን የሚፈታው ቀዶ ሐኪም ነው። የሚያጓጓው ሰዓቱ ነው፦ ደሙ መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ሐኪሙ ራሱ ስለሆነ፣ መድኃኒቱን አስቀድሞ ለመስጠት ጊዜ አለው። ከካንሰር ሕክምና በፊት ተወስዶ በበረዶ የቆየ የኦቫሪ ቁራጭ ተመልሶ ሲተከልም አዲስ የደም ሥር እስኪያበቅል ቀናት ያልፋሉ፣ ብዙ እንቁላልም በዚያው ያልቃል። ሜላቶኒንን ለዚያም በእንስሳት ላይ እየሞከሩት ነው።