ዘመዳሞች ወይስ ጎረቤታሞች? የአልታይ ቋንቋዎች ክርክር ሲዳሰስ

ከቦስፎረስ ዳርቻ እስከ ምሥራቅ ሳይቤሪያ በተዘረጋው ሰፊ ምድር ሦስት የቋንቋ ቡድኖች ይነገራሉ፦ ቱርኪክ፣ ሞንጎሊክና ቱንጉዚክ። ቱርክኛና ኡዝቤክኛ ከመጀመሪያው፣ ሞንጎልኛ ከሁለተኛው፣ ማንቹኛ ከሦስተኛው ይመደባሉ። በሰዋስውም በቃላትም ይመሳሰላሉ። ይህ መመሳሰል የመጣው ከአንድ እናት ቋንቋ በመወለድ ነው ወይስ ለረጅም ዘመን ተጎራብቶ ቃል በመዋዋስ? ዝምድናቸውን የሚያምኑ ምሁራን በአልታይ ተራሮች ስም «የአልታይ ቤተሰብ» ይሏቸዋል፤ አንዳንዶቹም ኮሪያኛንና ጃፓንኛን ይጨምሩበታል። ክርክሩ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መለኪያው

ውርስን ከውሰት የመለየት ዘዴ በራሳችን ቋንቋ በግልጽ ይታያል። የግእዙ «ሐረሰ» በአማርኛ «አረሰ»፣ «ኀምስቱ» ደግሞ «አምስት» ሆኗል። በመነሻቸው የነበረው የጉሮሮ ድምፅ በአማርኛ ጠፍቷል፤ ዐረብኛ ግን በእነዚሁ ቃላት እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ስለዚህ «ሐኪም» ከጥንት የወረስነው ቃል ቢሆን ኖሮ «አኪም» ባልነው ነበር። የመጀመሪያው ድምፅ አለመጥፋቱ ቃሉ ለውጡ ካለፈ በኋላ ከዐረብኛ የገባ መሆኑን ይመሰክራል። ውርስ ቃላት ሕግ ጠብቀው ይለያያሉ፤ ዘግይቶ የገባ ውሰት ከሕጉ ያፈነግጣል። ችግሩ ያለው እጅግ በቆየው ውሰት ላይ ነው። ከድምፅ ለውጡ በፊት የገባ ቃል ከውርሶቹ ጋር አብሮ ስለሚለወጥ ፍጹም ዘመድ ይመስላል። የአልታይ ክርክር ቋጠሮም ይኸው ነው።

ከምርኮኛው መኮንን እስከ ራምስቴድት

ነገሩ የተጀመረው በጦር ምርኮኛ ነው። በ1709 ሩሲያ በፖልታቫ ስዊድንን ድል ስትነሣ የተማረከው መኮንን ፊሊፕ ዮሃን ፎን ስትራለንበርግ በሳይቤሪያ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ። በ1730 ባሳተመው መጽሐፍም የአካባቢውን ሕዝቦች በቋንቋቸው መደባቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፊንላንዳዊው ማቲያስ ካስትሬን ፊንላንድኛንና ሀንጋሪኛን ጭምር በአልታይ ስም አሰባሰበ። የዚያ ዘመን ማስረጃ በአመዛኙ የቋንቋዎቹ አወቃቀር ነበር፦ አናባቢዎች በአንድ ቃል ውስጥ መስማማታቸው፣ ቅጥያዎች ተራ በተራ መደርደራቸው፣ ግስ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ መዋሉ። እነዚህ ጠባዮች ግን በጉርብትናም ይዛመታሉ። በኋላም ፊንላንድኛና ሀንጋሪኛ ኡራሊክ በተባለ በራሱ ቤተሰብ ተለይተው ወጡ።

ጥናቱን ወደ ድምፅ ሕግ ያሸጋገረው ሌላው ፊንላንዳዊ ጉስታፍ ዮን ራምስቴድት ነው። ከ1919 ጀምሮ በጃፓን የአገሩ የመጀመሪያ መልእክተኛ ሆኖ ያገለገለ፣ ሞንጎልኛንም ኮሪያኛንም በቅርብ ያጠና ሰው ነበር። የአልታይ ሥነ ልሳን መግቢያው የታተመው በ1950 ካረፈ በኋላ ነው። በ1960 ደግሞ ኒኮላስ ፖፕ የአልታይ ቋንቋዎችን ንጽጽራዊ ሰዋስው አወጣ። የሁለቱ ታላቅ ማስረጃ የ«ዝ» እና የ«ር» መተካካት ነበር። ለበሬ ቱርክኛ «ኦኩዝ» ሲል ጽሑፋዊው ሞንጎልኛ «ኡከር» ይላል፤ ለጥጃ የጥንቱ ቱርክኛ «ቡዛጉ» ሲል ሞንጎልኛ «ቢራጉ»፤ ለመንታ ደግሞ አንዱ «ኢኪዝ» ሌላው «ኢከረ»። ሥርዓቱን የጠበቀ ስለሆነ የዝምድና ማረጋገጫ ተደርጎ ተወሰደ።

የሀንጋሪኛ ምስክርነት

የዝምድናው ተቃዋሚዎች ወደ ሀንጋሪኛ አመለከቱ። በሀንጋሪኛ በሬ «ኦኮር»፣ ጥጃ «ቦርዩ»፣ መንታ «ኢከር» ነው፤ ሦስቱም በ«ር»። ሀንጋሪኛ ኡራሊክ ስለሆነ እነዚህን ቃላት እንደተዋሰ ማንም አይጠራጠርም። ያዋሰውም ለዛሬው ቹቫሽኛ የቀረበ የጥንት ቱርኪክ ቋንቋ ነው። በቮልጋ አካባቢ የሚነገረው ቹቫሽኛ ሌሎቹ ቱርኪኮች «ዝ» በሚሉበት «ር» ይላል፤ ዘጠኝ በቱርክኛ «ዶኩዝ»፣ በቹቫሽኛ «ተኸር» ነው። እንግዲህ ሀንጋሪኛ የ«ር» ቃላትን ከዚህ ቅርንጫፍ መዋስ ከቻለ ሞንጎልኛም ያንኑ ማድረግ ይችላል። በእኔ እምነት በክርክሩ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ክብደት ያለው ነጥብ የለም። የድምፅ ሥርዓት ብቻውን ውርስን እንደማያረጋግጥ አሳይቷልና።

በ1956 እንግሊዛዊው ጄራርድ ክላውሰን ሌላ ፈተና አመጣ፦ ዘመዳሞች ከሆኑ መሠረታዊ ቃላታቸው የት አሉ? ከአንድ እስከ አራት ቱርክኛ «ቢር፣ ኢኪ፣ ኡች፣ ዶርት» ይላል፤ ጽሑፋዊው ሞንጎልኛ «ኒገን፣ ቆያር፣ ጉርባን፣ ዶርበን»፤ ማንቹኛ «ኤሙ፣ ጁወ፣ ኢላን፣ ዱዊን»። በግልጽ የሚቀራረበው አራተኛው ብቻ ነው። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዶርፈርም ከ1963 እስከ 1975 በአራት ቅጽ ወደ ፋርስኛ የገቡትን የቱርክና የሞንጎል ቃላት ዘርዝሮ ውሰት ምን ያህል ጥልቅ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። በሞንጎሊክ ሳይገኙ ቱርኪክንና ቱንጉዚክን ብቻ የሚያገናኙ ቃላት ጥቂት መሆናቸውንም አነሣ። ቃላት ከቱርኪክ ወደ ሞንጎሊክ፣ ከዚያም ወደ ቱንጉዚክ እየተላለፉ ከሄዱ የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ከ2003 ወዲህ

በ2003 ሰርጌ ስታሮስቲን፣ አና ዲቦና ኦሌግ ሙድራክ ወደ 2,800 የሚጠጉ ሥርወ ቃላት የያዘ ባለ ሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ትችቱ ወዲያው ተከተለ፦ የድምፅ ሕጎቹ ልል፣ የትርጉም ዝምድናዎቹ ሰፊ፣ የውሰት ማጣራቱ ያልተሟላ ነው ተባለ። ቀድሞ የዝምድናው ደጋፊ የነበረው አሌክሳንደር ቮቪን በ2005 በጻፈው ግምገማ ሐሳቡን በጥብቅ ተቃወመ። በ2021 ደግሞ በማርቲን ሮቤትስ የተመራ ቡድን የ98 ቋንቋዎችን መሠረታዊ ቃላት ከሥነ ቁፋሮና ከዘረመል መረጃ ጋር አጣምሮ፣ የእነዚህ ቋንቋዎች ምንጭ የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በምዕራብ ልያዎ ወንዝ አካባቢ የኖሩ ዘንጋዳ መሰል እህል አምራቾች ናቸው አለ። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ሦስቱም የማስረጃ ዓይነቶች መደምደሚያውን እንደማይደግፉ ጻፉ። የኮምፒውተር ስሌት የሚሰላው በቀረበለት ቃል ላይ ነው፤ ዘመድ ተብሎ የገባው ቃል ውሰት ከሆነ ውጤቱም ይዛባል።

ለደጋፊዎቹ የሚቀርላቸው ጠንካራ ማስረጃ ተውላጠ ስም ነው። «እኔ» በሞንጎልኛና በማንቹኛ «ቢ» ሲሆን በሌሎች እርባታዎች «ሚን-» የሚል መሠረት ብቅ ይላል፤ በቱርኪክም «ቤን» እና «ሜን» አሉ። ተውላጠ ስም እንደ ከብት ስም በቀላሉ በውሰት አይገባምና ይህ ችላ ሊባል አይገባም። ይሁንና ተመሳሳይ ቅርጽ በኡራሊክና በኢንዶ አውሮፓ ቋንቋዎችም ስላለ ለአልታይ ብቻ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ የአልታይ ቤተሰብ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ ከሚጋሩት ቃል አብዛኛው የጉርብትና ፍሬ ነው። በጣም የራቀ ዝምድና አልነበረም ብሎ መማልም አይቻልም፤ የቃል ብዛት ግን አያስረዳውም። ጉዳዩ እኛንም ይነካል። የኦሞ ቋንቋዎች በአፍሮ እስያ ቤተሰብ ውስጥ ያላቸው ቦታ ዛሬም ያከራክራል፤ ሴማዊ፣ ኩሻዊና ኦሟዊ ቋንቋዎቻችን ደግሞ ለዘመናት ሲዋዋሱ ኖረዋል። የአገራችን የቋንቋ ተመራማሪዎች የቃላት ዝርዝር ሲያነጻጽሩ ዝምድናን ከማወጃቸው በፊት ውሰቱን ይለዩ። ይህ ቅደም ተከተል ካልተጠበቀ የአልታይን የሦስት መቶ ዓመት ሙግት በእኛ ቋንቋዎች ላይ መድገም ይሆናል።