እሳት የለመደ ሽቦ

መስታወት በመስታወት ላይ ደርቦ እቶን ውስጥ የሚያዋህድ ሰው ስለ ቀለሙ ሲጨነቅ ይውላል። መስቀያ የሚሆነው ሽቦ ትዝ የሚለው ክዳኑን ሊዘጋ ሲል ነው፤ ያኔ ከመሳቢያ እጁ የገባለትን ቆርጦ ይሸጉጣል። የመስኮቱን ጌጥ ዓመቱን ሙሉ ይዛ የምትውል የምታድረው ግን ያቺ ቁራጭ ናት።

አሠራሩ ብዙ ወሬ አይፈልግም፦ የሽቦውን ሁለት እግሮች በሁለት መስታወት መካከል አስገብቶ እቶኑን 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማድረስ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ማቀዝቀዝ። አሉሚኒየም 660 ላይ ስለሚቀልጥ ከጨዋታው ውጭ ነው። ዚንክ የተለበጠ የአጥር ሽቦም አይግባ፤ ጭሱ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ንጹሕ ብር እስከ 962 ዲግሪ ይችላል፣ ግን ለስላሳ ነው፣ ኪስም ይጎዳል። መዳብ አይቀልጥም፤ ሆኖም ከመስታወቱ ውጭ የቀረው ክፍሉ ጠቁሮ እየተላጠ ይረግፋል። በየእቶኑ ሥር የሚገኘው ጥቁር ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ ወዳጆች ትሩፋት ነው።

የእኔ ምርጫ ኒክሮም ነው። ከመቶ 80 ገደማው ኒኬል፣ 20ው ክሮሚየም ሲሆን የሚቀልጠው 1400 ዲግሪ አካባቢ ነው። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። እኛ ግን ስሙን ሳናውቅ ስንተዋወቀው ኖረናል፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ሥር ተጠምዝዞ ግሎ እንጀራ የሚያበስለው እሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። ከእቶን ሲወጣ አመድማ ይሆናል። ይኼን ቆሻሻ መስሏቸው በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉ አሉ። እባካችሁ ተዉት! ያ ስስ ሽፋን የክሮሚየም ኦክሳይድ ነው፤ የውስጡን ብረት ከአየር የሚጋርደው እሱ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «የሽቦውና የመስታወቱ በሙቀት የመስፋፋት ቁጥር ካልተጣጣመ ይሰነጠቃል» ይላሉ። ቁጥሮቹ በእርግጥ አይጣጣሙም። ለእቶን የሚሸጠው መስታወት 90 ወይም 96 ነው፤ ኒክሮም ከ130 ይበልጣል፣ መዳብ ደግሞ ወደ 170 ይጠጋል። ከመስታወቱ ጋር የሚገጥመው ፕላቲኒየም ነው፤ የጥንቶቹ አምፖሎች ሽቦ መስታወቱን አልፎ በሚገባበት ቦታ ፕላቲኒየም የነበረው ለዚሁ ነው። ታዲያ ለመስኮት ጌጥ ፕላቲኒየም እንግዛ? እዚህ ላይ የሚወስነው ውፍረቱ ነው። ሲቀዘቅዝ ሽቦው ከመስታወቱ ይበልጥ ይኮማተራል፤ ቀጭን ከሆነ ግን መስታወቱን የሚሰነጥቅ ጉልበት የለውም። መዳፍ ለምታህል ጌጥ 0.8 ሚሊሜትር ይበቃል፣ ለአንገት ሐብል 0.5። እኔ ራሴ አንዲት ሰማያዊ ዓሣ በ2 ሚሊሜትር መዳብ ሰቅዬ ነበር። ከእቶን ስትወጣ እንከን አልነበራትም። በሦስተኛው ቀን ከሽቦው እግር ተነሥታ እስከ ጅራቷ ተሰነጠቀች።

ያው መኮማተር ሌላም መዘዝ አለው። ሽቦው ቀጥኖ ከመስታወቱ ጥቂት ስለሚሸሽ ቀጥ ያለ እግር እንደ ላላ ሚስማር ሊሾልክ ይችላል። ስለዚህ ጫፎቹን በፒንሳ አጠማዝዤ ወደ ውጭ እመልሳቸዋለሁ፣ ከዚያ በመዶሻ ጠፍጠፍ አደርጋቸዋለሁ። ጠፍጣፋ እግር ላዩን መስታወት ብዙ ስለማያነሣው በሽቦው ዳር የሚታሰረው አየርም ይቀንሳል። መታጠፉም መጠፍጠፉም ከእሳቱ በፊት ይለቅ።

ይኼን የመጨረሻውን ያስተማሩኝ ምጣድ ጠጋኝ ናቸው። ከሜሪላንድ ለዕረፍት አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ ሽቦ ፍለጋ ሱቃቸው ገባሁ።

«ለምጣድ ነው?»

«ለመስታወት ነው አባባ፤ እቶን ውስጥ የሚገባ።»

«መስታወት ላይ ደግሞ ምን ሊጋገር ነው?» ብለው ሳቁ። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ጥግ በተከመረው አሮጌ ሽቦ ላይ ነበር፤ በነጻ ይሰጡኛል ብዬ። አንዱን አነሡና በሁለት ጣታቸው ጎበጥ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ስንት ዓመት ሲግል የኖረ ነው፣ ልጄ» አሉና ከመደርደሪያው አዲስ ጥቅል አወረዱ። አዲሱ ደጋግመው ቢያጣጥፉትም እሺ አለ። ሒሳቡን ከፍዬ ሁለት ሜትር አስቆረጥኩ።