ሚዲ ስለሚባለው የዜማ ፋይልና ወደ ድምፅ ስለ መለወጡ

ምልክትና ድምፅ የተለያዩ ናቸው። ምልክት ያለው ድጓ በመደርደሪያ ላይ ተዘግቶ ቢቀመጥ ከእርሱ የሚሰማ ነገር የለም። ድፋቱንና ሂደቱን፥ ቅናቱንና ይዘቱን፥ ቁርጡንና ጭረቱን፥ ርክርኩንና ደረቱን ከመምህር አፍ የተማረ ሰው ሲገልጠው ግን ያው ጽሕፈት ዜማ ይሆናል። በዘመናችን በኮምፒዩተር የሚጻፈው ሚዲ የተባለው ፋይልም በጠባዩ ይህንኑ ይመስላል፤ የዜማ ምልክት ነው እንጂ የተቀዳ ድምፅ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው መዝሙር በሚዲ ጽፎ ለወንድሙ ቢልክለት፥ ተቀባዩ በስልኩ ሲከፍተው አንዳች ሳይሰማ ይቀራል፤ ወይም ላኪው ካሰበው የተለየ ድምፅ ይሰማል። ይህ የሚሆነው ፋይሉ ተበላሽቶ ሳይሆን ምልክቱን የሚያዜም ስላልተገኘ ወይም የሚያዜመው ሌላ ስለ ሆነ ነው።

ሚዲ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ፋብሪካ የተሠሩ የኤሌክትሪክ የዜማ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንዲግባቡ ተብሎ የወጣ ሥርዐት ነው። በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው የትኛው ድምፅ መቼ እንደሚነሣ፥ በምን ያህል ኃይል እንደሚመታ፥ መቼም እንደሚለቀቅ ነው። ድምፆቹ ከ0 እስከ 127 በቍጥር ይጠራሉ፤ በፒያኖ መካከል የሚገኘው ዶ 60 ይባላል። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ለ128 የመሣሪያ ድምፆች ቍጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዐት ተጨመረ። ነገር ግን ቍጥሩ የመሣሪያውን ስም ይናገራል እንጂ ድምፁን አይዝም።

እንግዲህ ሚዲን ወደ ድምፅ ለመለወጥ ከፋይሉ ሌላ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የድምፅ ማኅደር ነው፤ በባዕድ ቃል ሳውንድፎንት ይሉታል። በውስጡ ከእውነተኛ መሣሪያ የተቀዱ ድምፆች በየቍጥራቸው ተሰድረው ይገኛሉ። ሁለተኛው ምልክቱን እያነበበ ድምፁን ከማኅደሩ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ለዚህ ሥራ ፍሉይድሲንዝ የሚባለው፥ ያለ ዋጋ የሚገኘውና አሠራሩም ለሁሉ ክፍት የሆነው ፕሮግራም የታወቀ ነው። ትእዛዝ የሚቀበለው በጽሕፈት ሲሆን፥ የድምፅ ማኅደሩ ስም፥ የሚዲው ፋይል ስም፥ አዲስ የሚወጣውም የድምፅ ፋይል ስም ይነገረዋል፤ እርሱም ዌቭ የተባለውን የድምፅ ፋይል ያወጣል። የወጣው ድምፅ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ የሚንኳኳ ቢሆን፥ የድምፁን ኃይል ዝቅ አድርጎ እንደ ገና ማውጣት ይገባል።

የጽሕፈት ትእዛዝ የሚከብደው ሰው ሙዝስኮር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሊሠራ ይችላል። ሚዲውን በዚያ ሲከፍት በፈረንጆች ኖታ ተጽፎ ያየዋል፤ ለየመስመሩ መሣሪያ መርጦ ወደ ድምፅ ፋይል ያወጣዋል። ነገር ግን ሙዝስኮር የተቀበለውን ጊዜ በኖታው ልክ ከፋፍሎ ያስተካክላል። ስለዚህ በነፃ የሚረዝምና የሚያጥር ዜማ በዚህ መንገድ ሲያልፍ አካሄዱ ሊለወጥ ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ዜማ ፍሉይድሲንዝ ይሻላል። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ሚዲን በራሱ ወደ ድምፅ አይለውጥም፤ የወጣውን ድምፅ ግን ለመቍረጥ፥ ለማስተካከልና ኤምፒስሪ ወደ ተባለው አነስተኛ ፋይል ለመለወጥ ይጠቅማል።

በመጠንም በኩል ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሚዲ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ዐሥር ሺህ ባይት ብቻ ነው። በሲዲ ልክ የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ግን በሰከንድ 44,100 ጊዜ በሁለት መስመር ስለሚለካ ከ10 ሚሊዮን ባይት ያልፋል። ይሁን እንጂ ድምፁ ወጣልኝ ብሎ ሚዲውን ማጥፋት ትልቅ ስሕተት ነው። ከምልክት ድምፅን ማውጣት ቀላል ነው፤ ከድምፅ ምልክትን መልሶ ማግኘት ግን እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ሚዲው፥ የወጣው ድምፅና የድምፅ ማኅደሩ ስም በአንድ ቦታ ሊቀመጡ ይገባል። የማኅደሩ ባለቤት የሰጠው ፈቃድም አስቀድሞ ይነበብ፤ ሁሉም ያለ ገደብ የተፈቀደ አይደለምና።

ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ያለበት የዚህ ሥራ ወሰን ነው። በ128ቱ የመሣሪያ ድምፆች ዝርዝር ውስጥ በገናም ጸናጽልም የሉም። የመዘምራን ድምፅ የተባለውም «አ» ብሎ ያዜማል እንጂ ቃል አይናገርም፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግን ከቃሉ የሚለይ አይደለም። ደግሞም ሚዲ ከአንዱ ዶ እስከ ሚቀጥለው ዶ ያለውን በ12 እኩል ክፍል የሚቈጥር ነው። ድምፅን በጥቂቱ የሚያዘነብል ሌላ ምልክት ቢኖረውም፥ ጸሓፊው ካልጻፈው በቀር ርክርኩ በደረጃ እንደሚወርድ እግር እየተቈራረጠ ይሰማል።

ስለዚህ በዚህ መንገድ የወጣ ድምፅ ለጀማሪ ተማሪ የዜማውን መውጣትና መውረድ ለማስታወስ፥ ለመዘምራንም መዝሙርን ለመለማመድ ይረዳል። በቅኔ ማኅሌት ግን የመምህርን ቦታ አይወስድም። ዜማን ለሚቀጥለው ትውልድ ለማቈየት የሚሻ ሰው የሊቁን ድምፅ ከነቃሉ በመቅረጫ ይቅዳ፤ ሚዲውንም ከጎኑ ያኑር፤ በፋይሉም ስም ላይ የትኛው የሊቁ ድምፅ፥ የትኛውም ከኮምፒዩተር የወጣ እንደ ሆነ ለይቶ ይጻፍ። ይህ ሳይጻፍ ከቀረ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የመሣሪያውን ጉድለት የአባቶቹ ዜማ መስሎት ሊማረው ይችላል።